ነፋስ የቆመበት ቅዳሜ

ከፈለ «ዓሣው የት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስም ነበር። መጀመሪያ ሰማዩን ያያል፤ ቀጥሎ የውኃውን ቀለም፤ በመጨረሻም የጠያቂውን ጫማ። ከመለሰ ግን የሚናገረው እውነቱን ብቻ ነው። ጥልቀቱን አይደብቅም፤ ቦታውን አያዛባም፤ የያዘውንም አያበዛም። በዓሣ ነገር ዋሽቶ አያውቅም። በጄኔቫ ባለችው ትንሽ የሐበሻ አማኞች ጉባኤ ውስጥ ስሙ የሚነሣው በሁለት ሙያ ነበር፦ ዓሣ በማጥመድና የተጣሉ ባልና ሚስትን በማስታረቅ። ሁለቱም ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ እሱም ትዕግሥት ነበረው። የሚያሳዝነው፣ ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ቀን የፈለጉት ጊዜ መኖሩና በዚያ ቀን እሱ ዓሣውን መምረጡ ነው።

ተወልዶ ያደገው በአርባ ምንጭ ነው። አባቱ በጫሞ ሐይቅ ላይ መረብ ይጥሉ ነበር፤ እሱም ከመረቡ ጋር አደገ። ወደ ስዊዘርላንድ ከመጣ ወዲህ በሜራን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ከተደረደሩት ትላልቅ ሕንፃዎች በአንዱ ይኖራል፤ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥም ይሠራል። ትዳር አልያዘም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ «የሰው ጠብ እየዳኘሁ የራሴን የምጀምርበት ጊዜ አጣሁ» ይላል።

በመንጠቆ ማጥመድን ያስተማሩት ሙሴ ፔሪያር የተባሉ ጡረተኛ የጄኔቫ ሰው ናቸው። በኦ ቪቭ ወደብ የምትታሰር አሮጌ ጀልባ አለቻቸው፤ ጉልበታቸው ከደከመ በኋላ ቁልፏን ለከፈለ ሰጡት። ድሮፕ ሾት የሚሉትን አስተሳሰር ያሳዩትም እሳቸው ናቸው። በክሩ ጫፍ ለክብደት የእርሳስ ቁራጭ ይታሰራል፤ መንጠቆው ከእርሳሱ አንድ ወይም ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ እዚያው ክሩ ላይ ይቋጠራል። ዘዴውን ያስፋፉት በሌላ አገር ባስ የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ናቸው ይባላል። በጄኔቫው በሌማን ሐይቅ የሚፈለገው ግን ባስ ሳይሆን፣ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመር ያለበትና የጀርባው ክንፍ እሾኻም የሆነው ፐርሽ ነው፤ የዙሪክ ሰዎች ኤግሊ ይሉታል።

የጉባኤው መዘምራን መሪ ጴጥሮስ አንድ ጊዜ ከወደቡ ግንብ ላይ አብሮት ቆሞ ይህን አስተሳሰር በጥርጣሬ ተመለከተው።

«እርሳሱ ከታች፣ መንጠቆው ከላይ! ተገልብጦ የታሰረ እኮ ነው» አለ።

«የተገለበጥህስ አንተ ነህ። ዓሣው የት ነው ያለው?»

«ውኃ ውስጥ።»

«ተባረክ! ይህን ያህል ካወቅህ የቀረህ ጥቂት ነው።» ከፈለ ሣቀ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ ረጋ ብሎ አስረዳው። «በብርዱ ወራት፣ ውኃው ሲጠራና ሲቀዘቅዝ፣ ፐርሽ ሰነፍ ይሆናል፤ የሚሮጥ ነገር አያሳድድም። ከጥልቁ ወርዶ ከመሬቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማል። እርሳስህ መሬት ይነካል፤ መንጠቆው ላይ የሰካኸው የላስቲክ ትል ግን ልክ አፉ ፊት ይንሳፈፋል። ክሩን ወጥረህ ትሉን ካለበት ሳታርቅ ታንቀጠቅጠዋለህ። ሳታርቅ ነው ያልሁህ! አንተ መዝሙር የምትመራ ይመስል እጅህን ታወናጭፋለህ።»

«በሙቀቱ ወራትስ?»

«በቀትር እንደዚሁ ነው። ከታሰሩት ጀልባዎች ጥላ ሥር፣ ከግንቡ ጥግ፣ ከውኃው ሣር ዳር ትጥለዋለህ። ሣሩ መሐል ግን አይሆንም፤ እርሳሱ ይጠላለፍብሃል። ማለዳ ላይ ትንንሽ ዓሦችን ከውኃው ፊት ሲያሳድዱ ካየህ ደግሞ ይህን ፈትተህ ሌላ እሰር። ላይ ለሚበላ ዓሣ ምግቡን ታች መላክ ሞኝነት ነው።»

ሁሉም ነገር ጊዜና ስፍራ እንዳለው እንዲህ አድርጎ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ በውኃው ላይ እስካለ ድረስ።

ከአርባ ምንጭ አብሮ አደጎቹ መካከል በዚህ አገር የቀረው አንድ ሉቃስ ብቻ ነው። ሉቃስ በዙሪክ፣ አፎልተርን በተባለው ሰፈር፣ ከሚስቱ ከዝናሽና ከአሥር ዓመት ልጃቸው ከቤቴል ጋር ይኖራል። በሠርጋቸው ዕለት አንደኛ ሚዜ ከፈለ ነበር። የሚዜነት ግዴታ በሠርጉ ማግስት እንደማያበቃ ሁለቱም ቤተሰብ ያውቃል፤ ባልና ሚስት ሲጋጩ ነገሩ አስቀድሞ የሚደርሰው ለሚዜ ነው። ዝናሽ እንደ ታላቅ ወንድም ቆጥራ «ጋሼ» እያለች፣ ግን አንተ እያለች ትጠራዋለች።

በጥር ወር አንድ ሐሙስ ማታ ደወለች።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ና።»

«ምን ሆናችሁ?»

«በስልክ አይሆንም። የእኔ ሌረ ነው ጠቡ።» በዙሪክ ሌረ የሚሉት እየሠሩ የሚማሩትን ሙያ ነው፤ እሷም የአረጋውያን እንክብካቤ መማር ጀምራ፣ ተራዋ ሲደርስ ምሽት ሥራ ትገባለች። «እሱ ቤቴ ፈረሰ ይላል፤ እኔ ሰው ልሁንበት እላለሁ። አንተ በሌለህበት ነገሩን እንዳናነሣው ተስማምተናል። ከተነሣ እንደማይበርድ ሁለታችንም ዐውቀነዋል። እሱም ቅዳሜን ከሥራ አስፈቅዷል።»

«እመጣለሁ።»

«ማል እንዳልልህ አማኝ ነህ» አለችና ሣቀች። ሣቋ ግን አጭር ነበር።

በዚያ ሳምንት ቢዝ የሚሉት ቀዝቃዛው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሐይቁን ሲገርፍ ሰነበተ፤ ከወደቡ የወጣ ጀልባ አልነበረም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሙሴ ፔሪያር ደወሉ። «ነገ ይቆማል፤ እሑድ ይመለሳል። ፐርሾቹ ከውኃው ሥር ካለው ገደል ጥግ ተከማችተዋል። ጉልበት ቢኖረኝ እኔው እወጣ ነበር» አሉት።

ከፈለ ስልኩን ዘግቶ ማሰብ ጀመረ፤ ሐሳቡም ወዲያው ምክንያት አገኘለት። ለሽምግልና ባዶ እጅ መሄድ ምን ይባላል? ሉቃስ ዓሣ የሚወድ ሰው ነው፤ በከፈለ በራሱ እጅ የተያዘ ፐርሽ ገበታ ላይ ቢቀርብ የቤቱ አየር ይለዝባል። ጠባቸውም ቢሆን ለወራት የቆየ ነው፤ አንድ ሳምንት ምን ይጎዳቸዋል? ምክንያቱ ክፉ አልነበረም። ሰው ቃሉን የሚያጥፈው ብዙውን ጊዜ በክፉ ምክንያት አይደለም፤ ክፉ ምክንያት ያስደነግጣል፣ ደግ ምክንያት ግን ያደፋፍራል።

ቅዳሜ ጠዋት ከኦ ቪቭ ወደብ ለዝናሽ ደወለ። የውኃ ወፎቹ ጩኸት እንዳይሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ኮሌታውን በስልኩ ላይ ሰብስቦ፣ ጉንፋን እንደያዘው ነገራት። ለማስመሰልም ትንሽ ሳለ።

«ለልጅቷ እንዳላስተላልፍባት ብዬ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያለ ጥርጥር እመጣለሁ።»

«እግዚአብሔር ይማርህ፣ ጋሼ። ትኩስ ነገር ጠጣ» አለችው።

ሐይቁ እንደ መስታወት ረግቶ ነበር። ከፈለ ጀልባዋን መሬቱ ድንገት ወደ ታች ከሚወርድበት ስፍራ አቆማት፤ የጥልቀት መለኪያው አሥራ ስምንት ሜትር አሳየ። እርሳሱን ለቀቀው፤ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያም መሬት መንካቱ በክሩ በኩል እስከ ጣቱ ተሰማው። ወጠረ። ትሉን ካለበት ሳያርቅ አንቀጠቀጠው። በር በጣት እንደሚያንኳኳ ሰው ቀለል ያለ ምት መጣ። ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከጥልቅ የሚወጣ ፐርሽ ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋል፤ ትንሽ ነው ብለው ቢመልሱት ከውኃው ፊት ተንሳፍፎ ይሞታል እንጂ አይወርድም። ስለዚህ ሙሴ ፔሪያር ደጋግመው የነገሩት አንድ ሕግ ነበር፦ በጥልቅ የሚያጠምድ ሰው የሚበቃውን ከያዘ ይቁም። ለአራት ሰው የሚበቃው ገና በማለዳው ተይዞ ነበር። ከፈለ አልቆመም። የዙሪክ ባቡር ቢሳፈር ኖሮ የሚደርስበት ሰዓት ሲሆን አንድ ጊዜ ትዝ አለው፤ ወዲያው ክሩ ተመታና ረሳው።

በተከታዩ ቅዳሜ፣ አጥንቱ ወጥቶ በበረዶ የቆየውን ዓሣ በቦርሳ ይዞ አፎልተርን ደረሰ። በሩን የከፈተችው ዝናሽ ናት።

«ይግቡ» አለችው።

«ይግቡ? እኔን ነው?» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። አልሣቀችም። ከኋላዋ፣ በኮሪደሩ ውስጥ፣ መጻሕፍትና ጫማዎች የታጨቁባቸው ካርቶኖች ተደርድረዋል። ቤቴል ግን ሮጣ መጥታ ተጠመጠመችበት።

«ጋሼ ከፈለ! አንተ ክራንክ ነበርክ። ማሚ ጸሎት አደረገች ለአንተ። አሁን ደኅና?» ጀርመንኛውን ከአማርኛው እያዋሐደች መታመሙን ነበር የምትጠይቀው።

«አሁን ደኅና ነኝ፣ የኔ እመቤት።»

«ፊሽ አመጣህ!»

ሉቃስ ከውስጥ ወጣ፤ እጁን ጨበጠውና ቦርሳውን ተቀበለው። የጫሞ ልጅ ነውና ሥጋውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አየው።

«ጥሩ ኤግሊ ነው። በረዶ ውስጥ ቆይቷል?»

«ሳምንቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የተያዘ ነው» አለ ከፈለ።

በዓሣ ነገር ዋሽቶ የማያውቅ አፉ ከሐሳቡ ቀድሞ እውነቱን አወጣው። ዝናሽ ቀና አለች። ሉቃስ ዓሣውን በዝግታ ወደ ቦርሳው መለሰው። ቤቴልን ወደ ክፍሏ ላኳት፤ ሦስቱም ተቀመጡ።

«ባለፈው ቅዳሜ» አለ ሉቃስ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ልጅቷን ጎረቤት ልከን፣ ቤቱን አጽድተን ተቀምጠን ነበር። ስትደውል የምወጣበት አልነበረኝም፤ ካፖርቴንም አውልቄ ነበር። ሥራ አልሄድ፤ አስፈቅጃለሁ። ልጅ የለ፣ እንግዳ የለ። ልንናገር የተዘጋጀነው ነገር ሁሉ አፋችን ላይ ነበር። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ተናገርነው።»

«ሉቃስ፣ እኔ…»

«እኔ ያልኋትን ቃል አንተ ብትኖር አልናገረውም ነበር። አፍርህ ነበር።»

«እኔም የመለስሁትን» አለች ዝናሽ።

ከፈለ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ለብዙ ባለትዳሮች የተናገረውን ንግግር ሊጀምር ተነሣሣ። «አሁንም ቢሆን አልረፈደም። እኔን ውቀሱኝ፤ እናንተ ግን ከመጀመሪያው እንነጋገር…»

«ይቅር ተባብለናል» አለች። «ጠብ የለንም፣ ጋሼ። እርስዎም አይጨነቁ። አብረን መኖሩ ነው ያበቃው። እሱ እዚሁ ዙሪክ፣ ኧርሊኮን ሰፈር፣ ክፍል አግኝቷል፤ በወሩ መጨረሻ ይገባል።»

ቢቆጡት ኖሮ ይቀለው ነበር። ቁጣ መልስ ይፈቅዳል፤ ይህ ግን መልስ የማይፈልግ ትሕትና ነበር። ዝናሽ ተነሥታ ዓሣውን ለልጇ ጠበሰችላት። ቤቴል ለብቻዋ በላች። «እናንተስ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ሦስቱም «ጠግበናል» አሏት።

በዚያ ቅዳሜ በሰዓቱ ቢደርስ ኖሮ ባልና ሚስቱ ይታረቁ ነበር ብሎ መናገር አይቻልም። ስንቱ ሽምግልና ከንቱ ቀርቷል! ከፈለም በባቡር ሲመለስ ራሱን ሊያጽናና የሞከረው በዚሁ ነበር፤ አልሆነለትም። ባለመሄዱ ካጠፋው ነገር ሁሉ የከበደው፣ መልሱን ለዘለዓለም አለማወቁ ነው። ከዚያ ወዲህ በጉባኤው ውስጥ የተጣሉ ሰዎች ሲመጡበት ወደ ጴጥሮስ ይልካቸዋል። ጴጥሮስ «እኔ መዝሙር እንጂ ሽምግልና የት ዐውቃለሁ?» ቢለው፣ «ቀጠሮ ታከብራለህ፤ ይበቃል» ሲል መለሰለት።

በወሩ መጨረሻ ሉቃስ ደወለ፤ ዕቃ የሚሸከምለት ሰው አጥቶ ነበር። ከፈለ በመጀመሪያው ባቡር ሄደ፤ ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ከሕንፃው ደጅ ቆሞ ጠበቀ። ዝናሽ በሥራ ላይ ነበረች፤ ቤቴል ትምህርት ቤት። ሁለቱ ካርቶኖቹን አወረዱ፤ አልጋውን ፈቱ፤ በመጨረሻም ከአሳንሰሩ የማይገባውን ቁም ሣጥን በደረጃው ይዘው ወረዱ። ከፈለ ከታች ሆኖ ክብደቱን ተሸከመ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ለዕረፍት አስቀመጡት።

ሉቃስ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

«ለመሆኑ ስንት ሜትር ላይ ነበሩ?» አለ ሉቃስ።

ከፈለ ስለዚያ ቅዳሜ ዓሦች እንደጠየቀው ወዲያው ገባው። ጥያቄው የወቀሳ አልነበረም፤ የሐይቅ ዳር ልጅ የሐይቅ ዳር ልጅን የሚጠይቀው ጥያቄ ነበር። ዐይኑን ከእንጨቱ ላይ ሳያነሣ መለሰ።

«አሥራ ስምንት።»

«ብዙ ነበሩ?»

«ብዙ።»

ሉቃስ ራሱን ነቀነቀ። «በል፣ በእኔ በኩል ይዤዋለሁ። ቀስ ብለህ ውረድ» አለው፤ ቁም ሣጥኑንም እንደገና አነሡት።