ከግራሩ የወጣችው ጥንዚዛ

ዛሬ ጠዋት ባልባላ ሰፈር ሚኒባስ ስጠብቅ አንድ አናጺ ደረቅ ግራር ይሰነጥቅ ነበር። ያ መረር ያለ የብናኝ ሽታ ሲደርሰኝ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ልበልህ፣ ዘንድሮ ትዝታም ይደክመኛል።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረው ጋቦዴ ሰፈር። አባቴ ከዚህ ወደብ ከተማ አዲስ አበባ ሲመላለስ የኖረ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ ወገቡ ከተጎዳ በኋላ ግን ከአልጋ አልወረደም። በርጩማ ሊሠራበት ከበረሃ ያመጣው የግራር ግንድ አልጋው ሥር ቀረ።

አንድ ቀን በቀትር፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም፣ ከግንዱ ውስጥ ቅርጭ ቅርጭ የሚል ድምፅ ሰማን።

"እዚህ ውስጥ ነፍስ አለች" አለ አባቴ።

ጎረቤታችንን የባዮሎጂ መምህሩን ጠራሁት። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፤ ለባካሎሪያ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና በነጻ ያስጠናኝ ነበር። ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጥፎ ቆየና ፊቱ በራ። ቀንዷ ከሰውነቷ የሚረዝም፣ እሱ ራሱ አይቷት የማያውቃት የበረሃ ጥንዚዛ ልትሆን እንደምትችል ነገረን። ትል ሆና እንጨት ውስጥ ዓመታት ትቆያለች፤ ክንፍ አውጥታ የምትኖረው ግን ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ስትወጣ ለእኔ ይስጡኝ፤ ለትምህርት ቤቱ አደርቃታለሁ" አለ መምህሩ።

"አይሆንም። ይህን ያህል ታስራ ኖራ በመርፌ ልትወጋት? ትብረር።"

ከዚያ ወዲያ አባቴ በነቃ ቁጥር "ወጣች እንዴ?" ይል ጀመር።

አንድ ማለዳ ግንዱ ላይ ክብ ቀዳዳ አየሁ። እሷም የአልጋው እግር ላይ ነበረች፤ ቡናማ፣ ረጃጅም ቀንዶቿን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘች። አባቴ ተኝቷል። መምህሩን ማሳዘን ከበደኝ። በብርጭቆ ከድኜ ወሰድኩለት።

ስመለስ አባቴ ቀዳዳውን እያየ ነበር።

"ወጣች?"

"ወጣች፣ አባዬ።"

"በረረች?"

"በረረች።"

"በየት በኩል?"

እሱ ሲመላለስበት ወደነበረው የዲኪል መንገድ ጠቆምኩለት። ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"አይ ጎበዝ! ወደ አገር ቤት ገባች በለኛ!"

ከዚያ በኋላ በየቀኑ "ዛሬ የት ደርሳለች?" ይለኝ ነበር። ዲኪል እለዋለሁ፤ ሌላ ቀን ድንበሩ ጋ፣ ጋላፊ። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ እዚያ ስላለው ጥላና ስለ ኬላው ያጫውተኛል። እውነቱን ልነግረው እነሳና የሚቀጥለውን ከተማ እጠራለታለሁ።

እኔ እንደነገርኩት ከሆነ፣ ጥንዚዛዋ አዋሽ ሳትደርስ አባቴ አረፈ።