ሞተሩ ላይ የተሳፈረ ድምፅ

ጅጅጋ ውስጥ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን በእጄ አልፏል ብል ብዙ አላጋነንኩም። የባጃጅ ስፒከር፣ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ የሠርግ ሞንታርቦ፣ የቤተ ክርስቲያን ማይክ፤ ሁሉንም ፈትቼ ገጥሜያለሁ። አባቴ ከመሀል አገር መጥቶ ሬዲዮ መጠገኛ የከፈተባት ጠባብ ሱቅ ዛሬ የእኔ ናት። ሴት ጠጋኝ አይቶ የማያውቅ ደንበኛ ገብቶ ባለቤቱ የት ሄደ ሲለኝ፣ ፊት ለፊትህ ተቀምጧል እለውና ሥራዬን እቀጥላለሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ጉራ ስለምወድ ነው፤ አልክድም። ከሠራሁት ሁሉ አብልጬ የምኮራበት ግን የአንዲት አጭር ገመድ ሥራ ነው።

ከለውጡ በኋላ ባሉት ዓመታት ከውጭ አገር የሚመለሰው ሰው በዝቶ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሱቄ ደጃፍ አንድ ትልቅ ሞተር መጥቶ ቆመ። ጅጅጋ ለሞተር እንግዳ አይደለችም፤ የእኛዎቹ ግን አንድ ሰውና አንድ ጆንያ ከጫኑ የሚያቃስቱ ቀጫጭኖች ናቸው። ይሄኛው ከፊቱ የመኪና የሚመስል መስታወት፣ ከግራና ከቀኙ ሻንጣ፣ ከኋላው መደገፊያ ያለው ወንበር ነበረው። ከመሪው በታች ደግሞ የራሱ ቴፕና ስፒከሮች ተገጥመውለታል። በርበራ ወደብ ላይ ወርዶ በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ተሳፋሪያቸውን እስኪረሱ ድረስ ከበቡት።

የሚነዳው ሰው ጎልማሳ ነው፤ ብዙ ዓመት ውጭ የኖረ የከተማችን ልጅ። ከኋላው የወረዱት ታላቅ ወንድሙ ፂማቸውን በሂና ያቀሉ፣ በዚያ ሙቀት አንገታቸውን በሻርፕ የሸፈኑ ሽማግሌ ናቸው። በሶማሊኛ «አዴር» ብዬ፣ አጎቴ እንደማለት ነው፣ ሰላም አልኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ እንጂ ቃል አልወጣቸውም። ኩራተኛ ሰው መስለውኝ ትንሽ ቅር አለኝ። ታናሹ ገብቶት ነገሩን አስረዳኝ። ወንድሙ ጉሮሯቸውን ታመው አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ድነዋል፤ ድምፃቸው ግን እዚያው ቀርቷል።

እዚህ አገር ሙሽሪት ወደ አዲሱ ቤቷ ስትሄድ በዘፈንና በጭብጨባ ትታጀባለች፤ ገልቢስ ይሉታል። ሽማግሌው በዘመድ አዝማዱ ሠርግ ሁሉ ከፊት እየሄዱ ግጥሙን የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ። የስንቱን ልጅ ሲያጅቡ ኖረው፣ የገዛ ልጃቸው ሠርግ የሚመጣው ሐሙስ ነው። ሐኪሞቹ ድምፅዎን ያጣሉ ባሏቸው ጊዜ ልጅቷ ገና አልታጨችም ነበር። እሳቸው ግን ቀዶ ሕክምናው ከመድረሱ በፊት አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው፣ ዘመዶቻቸውን አስጨብጭበው፣ የልጃቸውን ገልቢስ ቀድተው አስቀመጡ።

ሽማግሌው ከሸሚዝ ኪሳቸው አውራ ጣት የምታክል ሙዚቃ ማጫወቻ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሯት። ቅጂው ያለው እዚህች ውስጥ ነው። የሚፈልጉት በሠርጉ ቀን እሳቸው ሞተሩ ላይ ሆነው ከፊት ሲሄዱ ግጥሙ ከሞተሩ ስፒከር እንዲሰማ ነው። ፒክአፕ ላይ ሞንታርቦ ጭናችሁ ብትሄዱ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል አልኳቸው፤ የሞንታርቦ ኪራይም ሥራዬ ነውና። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ታናሹ ተናገረላቸው።

«አባዮ፣ ሰው ድምፁን ሲሰማ እሱን እንዲያይ ነው የሚፈልገው።»

እህቴ ብሎ እንዲህ ሲለኝ ሌላ ክርክር አላነሳሁም። ሞተሩ እንዲያ ግርማ ይኑረው እንጂ ቴፑ የቆየ ነው፤ ብሉቱዝ አያውቅም፣ ፍላሽ አይቀበልም። ያለው በመሪው አጠገብ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ አንዲት የጃክ ቀዳዳ ብቻ ናት። በስልክ እናጫውተው እንዳልል የታናሽየው ስልክ ስናወራ እንኳ አንዴም አላረፈም፤ የሠርግ ሰሞን ስልክ እንደዚያ ነው። በግጥሙ መሀል የበግ ነጋዴ ቢደውልስ? ማጫወቻዋ ትሻላለች፤ ማንም አይደውልላትም።

ከመደርደሪያዬ ገመድ መዝዤ አንዱን ጫፍ ማጫወቻዋ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ሰካሁ። የደቂቃ ሥራ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ከፈትኩት። ጭብጨባው ከግራም ከቀኝም ጥርት ብሎ መጣ፤ ከበሮው ተከተለ። ድምፃቸው ግን የለም። ዘፈኑ ይሄዳል፣ ዘፋኙ የለበትም። ጨመርኩት፤ ጭብጨባው ብቻ ጮኸ።

ሽማግሌው ሞተሩን ደግፈው ቆመው ነበር። እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። አንጀቴን በሉት። አንድ ጊዜ ያጡትን ድምፅ እኔ ሱቅ ደጃፍ ድጋሚ ያጡ መሰለኝ። ታናሹ ቅጂው ተበላሽቶ ይሆን ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ፤ ሌላ ቅጂ እንደሌለም ነገረኝ።

የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ማጫወቻዋን ለብቻዋ ሰማኋት። ድምፃቸው አለ፤ ሙሉ፣ ወፍራም፣ ትንሽ ሻከር ያለ የወንድ ድምፅ። ሮጬ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው፤ ቢያንስ እንዳልጠፋ ይወቁ ብዬ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በእኔና በሞተሩ መካከል ሆነ። የሞተሩን ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ደህና ነው። ገመዱን ከሱቄ ማጉያ ጋር ሞከርኩ፣ ደህና ነው። ሁሉም ለየብቻው ጤነኛ ሆኖ አንድ ላይ ሲገናኝ ነው የሚታመመው። እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል፤ ስናደድ ደግሞ አእምሮዬ ይሠራል።

በዘፈን ቅጂ ጭብጨባውና ከበሮው ግራና ቀኝ ይከፋፈላል፤ የዘፋኙ ድምፅ ግን በሁለቱም በኩል እኩል ይቀመጣል። ግራና ቀኙ በጋራ የሚመለሱበት አንድ ሽቦ አለ። ይህ የጋራ መመለሻ ሳይነካ ከቀረ፣ በሁለቱም በኩል እኩል የሆነው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋና የሚለያየው ብቻ ይተርፋል። ማለትም ዘፋኙ ይጠፋል፤ አጨብጫቢው ይቀራል። ስለዚህ ጃኩ ቀዳዳው ውስጥ እስከ መጨረሻው አልገባም ማለት ነው።

በስልኬ መብራት ሳጥኗን ሳይ ሳቄ መጣ። ታናሽየው የቶጎ ውጫሌን አቧራ ፈርቶ፣ ከካላማዳሪያ የቀደደውን ወፍራም ጎማ ቀዳዳው አፍ ላይ ዙሪያውን በማስቲሽ ለጥፎበታል። እዚህ ከተማ ሪሞቱን በፕላስቲክ የማይጠቀልል፣ ቴሌቪዥኑን ልብስ የማያለብስ ሰው የለም፤ አቧራን ፈርተን ስንቱን ዕቃ እናፍናለን። ያን ሁሉ ዓመት ውጭ ኖረህም ጅጅጋን አልረሳህም አልኩት። ሽማግሌው ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ።

ጎማውን ልልጠው ስል ማስቲሹ ቀዳዳውን ይዞ ሊነቀል ሆነ፤ ተውኩት። ሞተሩ ካልተስተካከለ ገመዱ ይስተካከላል። ከአሮጌ ማዳመጫ ላይ አንገቱ ቀጭን የሆነ ጃክ ቆርጬ ሽቦዎቹን በየድኩ፤ ሽማግሌው ጫፉን በሁለት ጣታቸው ይዘውልኝ ነበር። የፕላስቲኩን አንገት በምላጭ ላጥኩና ጎማው መሀል አሳልፌ ሰካሁት። ጠቅ አለ።

ድምፃቸው ወጣ። ባጃጅ ነጂዎቹ ባጃጃቸውን አጠፉ። መንገድ ማዶ ጨርቅ የምትሸጠው ሴትዮ ሜትሯን እንደያዘች ወጥታ ቆመች፤ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፣ በእሷም ሠርግ ተዘፍኖላታል። የመጀመሪያው ግጥም እንዳለቀ ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። የቀረው ለልጃቸው ነው አለ ታናሹ። ከዚያ ለሠርጉ ጠሩኝ፤ ገመዷን ከነሠሪዋ ነው የምንፈልገው ብሎ ቀለደብኝ። ያን ቀን በሱቄ በር ስገባ ቁመቴ የጨመረ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያለኝን ጥሩ ቀሚስ ለብሼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ቴስተሬን ሸጉጬ ሄድኩ። ሥራዬን አምነዋለሁ፤ የጅጅጋን መንገድ ግን አላምነውም። ሞተሩ ከፊት በእግረኛ ፍጥነት ይሄዳል፤ ታናሹ ሁለት እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ ሚዛኑን ይጠብቃል። ሽማግሌው ከኋላው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ኮፊያቸውን ደፍተው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሙሽሮቹ በሚከተለው መኪና መስኮቱን ከፍተው ይመጣሉ፤ ዙሪያውን ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። የሽማግሌው ድምፅ የልጅቷን እናት ያመሰግናል፣ አያቶቿን አንድ በአንድ ይጠራል። የሚያውቃቸው ሁሉ ከየሱቁ ብቅ እያለ መጀመሪያ ይሰማል፣ ቀጥሎ እሳቸውን ያያል፣ ከዚያ አፉን ይይዛል። ሰዉን ሁሉ እያስቆምኩ ገመዱ የእኔ ነው ማለት አማረኝ። ለሁለት ሴቶች ነግሬያለሁ።

ወደ ቀብሪበያ መውጫው ስንደርስ ድምፃቸው ጠፋ። ጭብጨባው ግራና ቀኝ እንደ ቀጠለ ነው፤ ዘፋኙ ብቻ የለም። ያው በሽታ ነው። ቴስተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ በሴቶቹ መሀል እየተጋፋሁ ወደ ሞተሩ ሮጥኩ። ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ዞሩ። አልደነገጡም። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መኪናው ውስጥ ወዳለው ሙሽራ ጠቆሙና ጠበቁ።

ቀድማ የገባት ልጃቸው ናት። ከመስኮቱ ብቅ ብላ የባሏን ስም ጠራች። ሴቶቹ ተቀብለው ደገሙት፤ ወንዶቹም ተከተሉ፤ ስሙ ከጭብጨባው ጋር ገጠመ። ወዲያው የሽማግሌው ድምፅ ከስፒከሩ ተመልሶ፣ «አንተ ልጄን የወሰድክ» ብሎ ግጥሙን ቀጠለ።

ያን ቀን ስቱዲዮ ውስጥ የልጃቸው ባል ማን እንደሚሆን አያውቁም ነበር፤ ጭብጨባው እየቀጠለ እሳቸው ያቆሙት ለስሙ ቦታ ትተውለት ነው። ቴስተሬን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩና ዓይኔን እየጠረግሁ ከሰዉ ጋር ማጨብጨብ ጀመርኩ።