ስድስት ዓመት የፈጀ የሙከራ ጊዜ

«ልጄ፣ የወሊድ ፈቃድ የሚሰጠው ለቋሚ ሠራተኛ ነው፤ አንቺን ገና በመሞከር ላይ ነኝ» ሲሉ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ኦቦ ቱሉን ዛሬ ጠዋት በጆሮዬ ሰማኋቸው።

የምትሞከረው ዘይነባ፣ ስንዴያችንን ስትመዝንና ስታስፈጭ ስድስት ዓመት የሞላት፣ የመውለጃዋም ወር የተቃረበ ሴት ናት።

ወረፋ ስጠብቅ የነበርሁት እኔም፣ በጉብዝናዬ ዘመን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገልሁ ነኝና፣ የሙከራ ጊዜ ከስድሳ የሥራ ቀን እንደማይበልጥ፣ የወሊድ ፈቃድም ከነደመወዙ በሕግ የተደነገገ መብት እንጂ የአሠሪ ቸርነት እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳሁ።

«ጋሼ፣ ሰው በስድሳ ቀን ይታወቃል እንዴ? እኔ ሚስቴን በሠላሳ ዓመት አላወቅኋትም!» አሉኝ።

እመቤቲቱም እስካሁን በሙከራ ላይ መሆናቸውን በዚሁ ተረዳሁ።

ዘይነባ ግን ከሻሿ ጫፍ የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ፈትታ ሚዛኑ ላይ አኖረችው።

«እንግዲያው ኦቦ፣ ተፈትኖ ያላለፈ ሰው ቁልፍ አይይዝምና ይረከቡኝ። ነገ ማለዳ ከሳጉሬ ከተማ እህል ጭነው የሚመጡትን ነጋዴዎች እርስዎ ይቀበሏቸው።»

ኦቦ ቱሉ ቁልፉን አዩ፤ የተሰለፍነውንም አዩ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተገኘውን ወረቀት ከመሳቢያቸው አውጥተው «ጋሼ፣ የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል፤ እስቲ ውሉንም ፈቃዱንም ይጻፉልኝ» አሉ።

ጻፍሁ፤ ፈረሙ። «በይ አሁን ቁልፍሽን አንሺ» አሏት በእፎይታ።

«ፈቃድ ላይ ነኝ» ብላ ወጣች።

ወዳጆቼ፣ ከእናንተ መካከል አሠሪው እስከ ዛሬ ሞክሮ ያልጨረሰው ይኖር ይሆን? ስንተኛ ዓመቱ እንደሆነ ከዚህ በታች ያስፍርልን።