እንግሊዞቹ ልጆች ሦስተኛውን ያወጡ ጊዜ

መንዳት ከተውኩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ሶስና ከምትኖርበት ከሴንቴኒያል መጥታ ገበያ ትወስደኛለች። ባለፈው ቅዳሜ አውሮራ ካለው ትልቁ ሱቅ ገብተን፣ እኔ ሽንኩርት እያገላበጥኩ፣ እሷ ጋሪውን ይዛ ስልኳን እያየች፣ ከጣሪያው የሚወርደው ሙዚቃ ተቀየረ። ለኔ የሱቅ ሙዚቃ ሁሉ አንድ ነው፣ እንደ ፍሪጅ ድምፅ ነው የምሰማው። ይሄኛውን ግን ገና ጊታሩ ሲጀምር አወቅኩት፤ ቀና ስል የሶስናም ጣት ስልኳ ላይ ቆሟል። እንግሊዞቹ ዘፋኝ ልጆች ናቸው። ያ ሦስተኛው አልበማቸው።

«አሁን እኮ ምርጡ እሱ ነው ይላሉ» አለችኝ፣ ጋሪውን እየገፋች፣ ሳታየኝ።

አልበሙ ሲወጣ ሶስና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከካፒቶል ሂሉ ጠባብ አፓርትማ ወጥተን ፓርክ ሂል፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ፣ አንድ ቤት ምድር ቤቱን ተከራይተን ነበር። የሶስና ክፍል ግድግዳ ላይ አራት ልጆች ተለጥፈዋል፤ ጢም ያላበቀሉ፣ ሱሪያቸው እላያቸው ላይ የተሰፋ የሚመስል፣ ፀጉራቸውን ነፋስ የመታው፣ ሁልጊዜ የሚስቁ የእንግሊዝ ልጆች። እናቷ ወይንሸት፣ ነፍሷን ይማር፣ ክፍሉን ስትጠርግ «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ» ትላቸዋለች፤ አጭሩን በተለይ «ይሄ እኮ ምግብ አይበላም» እያለች ታዝንለታለች። እኔ ደግሞ አራት ጎረምሳ ልጄ ክፍል አያድርም ብዬ ጥቂት ቀን አኮረፍኩ፤ ኩርፊያዬን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ስላልነበረ ተውኩት።

የፊተኞቹ ሁለት አልበሞች ሲወጡ ሶስናና ጓደኞቿ ሳሎናችን ውስጥ ሲዘሉ ከላያችን የምትኖረው አሮጊት ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድብብን ነበር። በሦስተኛው ግን ልጆቹን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ጭፈራውን ተዉት። ጊታር ይዘው፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚዘፍኑ ሆኑ። የሶስና ጓደኞች አንድ በአንድ ከዷቸው። አንዷማ ፖስተሮቿን በሙሉ ጠቅልላ አምጥታ «ከፈለግሽ ውሰጂ፣ ካልፈለግሽ ጣዪው» ብላት ሄደች። ሶስና በግትርነቷ በኔ ወጥታለች፤ እነዚያንም ጨምራ ለጠፈቻቸው። ወይንሸት በሩ ላይ ቆማ «እሰይ፣ መንታ መንታ ወለድኩ» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሆዷን የያዘችው ለሳቁ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ሆስፒታል ገባች። ሶስናን ከትምህርት ቤት አነሳና ታክሲዬን በኮልፋክስ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አውሮራ እነዳለሁ። በረዶው መንገድ ዳር ጠቁሮ ተቆልሏል፤ መኪናው ውስጥ እርጥብ ጃኬትና እንጆሪ እንጆሪ የሚለው የሶስና የከንፈር ቅባት ይሸታል። ሬዲዮኑ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ ሁለት ሰዎች ስለ ልጆቹ አልበም ያወራሉ፣ ትንሽ ያሰማሉ፣ ያቋርጡታል፣ ይስቃሉ። የኔ እንግሊዝኛ የአድራሻና የኤርፖርት ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

«ምን አሉ?»

«ወደውታል፣ አባዬ።»

«ሰው የወደደውን ዘፈን እንዲህ ያቋርጣል?»

«ታይም ስለሌላቸው ነው።»

«ሳቁስ?»

«ሃፒ ሆነው ነዋ!»

አላመንኳትም። የፌዝ ሳቅ አስተርጓሚ አይፈልግም። ግን ግንባሯን መስኮቱ ላይ ስታስደግፍ አየኋትና «እሰይ፣ ይበርቱ» አልኩ። እንደነገረችኝ መቀበሉ ቀለለኝ።

ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በስልክ እናቅርብልህ አለኝ። እምቢ አልኩ። እዚህ ከተማ አማርኛ የሚያስተረጉመው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ አንዱ ከኛው ዕድር ነው፣ አንዷ ቤተ ክርስቲያን ከሚስቴ ጎን ትቆማለች። በስልክ ከሩቅ የሚመጣውስ የማን ዘመድ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሐኪም ለኔ የነገረኝን በማግስቱ ታክሲ ተራ ላይ ሰው ለኔው መልሶ ሲነግረኝ ታየኝ። ወይንሸት ታማለች መባሉን አትወድም አልኩ እንጂ የማልወደውስ እኔ ነበርኩ። ለሰዉም ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ ከረምኩ። ሐኪሟ ሴትዮ እጇን ሶስና ራስ ላይ አድርጋ ደጋግማ ለመነችኝ፤ ልጅ ናት ማለቷ ነው፣ ይሄም አስተርጓሚ አይፈልግም። «ልጄ አለች፣ ይበቃል» አልኩ። አንዴ እምቢ ካልኩ ደግሞ እምቢ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ቆመን ሐኪሟ ረጅም ተናገረች፤ ቀስ እያለች፣ እየቆመች፣ ልጅቷን ዓይን ዓይኗን እያየች። ሶስና አዳመጠችና ወደኔ ዞረች።

«መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ዕረፍት ያስፈልጋታል።»

ያ ሁሉ ንግግር ይህችን አከለ። የሐኪሟን ፊት አየሁት፤ ታማሚዋ የምትድንላት ሐኪም ፊት አልነበረም። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። አየሁት፣ ከዚያም እጇን ጨብጬ አመሰገንኩ፣ ሶስናን «ጎበዝ፣ የኔ አስተርጓሚ» ብዬ ዶናት ገዛሁላት። ትብላው፣ አትብላው ዞር ብዬ አላየሁም።

ወይንሸት ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ ሞተች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «እንዴት አትነግረንም?» እያለ ሲወቅሰኝ «እኔስ መቼ አወቅኩ?» እል ነበር፣ ሶስና ከጎኔ ቆማ እየሰማች። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ ቢሮ ገባች። ፖስተሮቹ መቼ እንደወረዱ አላውቅም፤ ቤቱን ስንለቅ ግድግዳው ላይ ማጣበቂያው የላጠው ቀለም ነው ያየሁት። ስለዚያ ኮሪደር አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም።

ያን ቅዳሜ ግን ዕቃውን ጭነን መኪና ውስጥ ስንቀመጥ ከአፌ ወጣ።

«ያኔ እነዚያ ሬዲዮ ላይ የሚስቁት ምን ነበር የሚሉት?»

ሳቀች። «ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ! ገደሏቸው እኮ። ቦሪንግ ነው፣ ልጆቹ አለቀላቸው ነው ያሉት።»

«ሐኪሟስ?»

ሳቋ ቆመ። መሪውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አጎቴ ደምሴ ሲሞት ትዝ ይልሃል?»

ደምሴ ወንድሜ ነው፣ አገር ቤት ነው የሞተው። ስልኩን ያነሳችው ወይንሸት ነበረች፤ እንደ ወጉ ለኔ ሳትተነፍስ ሰነበተችና ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ መጥተው መርዶውን ነገሩኝ። ሶስና ያኔ ትንሽዬ ልጅ ናት። ታውቅ ነበር፤ ግን ከኔ ጋር ካርታ ስትጫወት ፊቷ ላይ ምንም አላነበብኩም። በኋላ «መርዶ በልጅ አይነገርም፣ ልጄ አፏን ያዘች፣ የሰው ልጅ ማለት እንዲህ ነው» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ ተኩራራሁባት።

«አንተ ነህ ያስተማርከኝ» አለችኝ። «ሐኪሟ ያለችውን ትልልቅ ሰዎች መጥተው እስኪነግሩህ ልያዘው ብዬ ነው። ኤቭሪ ደይ ቤት ስንገባ በሩ ጋ የእንግዳ ጫማ ነበር የምፈልገው፤ ሽማግሌዎቹ መጥተው ይሆናል ብዬ። ማንም አልመጣም፣ አባዬ።»

ከየት ይምጡ? መታመሟን ሰው እንዳይሰማ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ልጅን ይቅርታ መጠየቅ አላስለመድኩትምና ቃሉ አልወጣልኝም። እሷም አልጠበቀችኝም፤ ቀበቶዬን ስባ አሰረችልኝና መኪናውን አስነሳች።

ሚስቴን ሳልሰናበታት ቀረሁ እያልኩ ስንት ዓመት ለራሴ አልቅሻለሁ። ያቺ ልጅ ግን ያን ሰሞን ሁሉ የሆስፒታሉ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ሬዲዮኑ ዘፈኑን እንደወደደው ለእናቷም እየነገረች፣ ብቻዋን ስትሰናበታት ነበር የከረመችው።