ፍሎር የምትመታው ትልቁ ደወል

ማርሌን በቤልጂየም፣ በፍላንደርስ ያለችን አንዲት ትንሽ ከተማ ሠላሳ ዓመት በጡጫዋ ስታጫውታት ኖራለች። በከተማዋ ማማ ላይ ያሉት ደወሎች እንደ ፒያኖ በጣት አይነኩም። በረድፍ የተደረደሩትን የእንጨት እጀታዎች በተጨበጠ እጅ ስትመታ፣ ከላይ አርባ ዘጠኝ ደወሎች ይጮኻሉ። የትንሿ ጣቷ ጎን እንደ ተረከዝ ደንድኗል። እዚያ ላይ ስሕተት አይደበቅም፤ ገበያው ሁሉ ይሰማል። ለዚህም ምድር ቤቱ ውስጥ ድምፁ ከግድግዳ የማያልፍ መለማመጃ አለ።

አንድ ቅዳሜ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ትምህርት ቤት አምስት ልጆችን ይዛ ማማው ላይ ወጣች።

"ኖታ የለም" አለቻቸው። "እናንተ ምቱ፣ እኔ እመልስላችኋለሁ።"

የዐሥራ አንድ ዓመቷ ፍሎር፣ ቃል ከአፏ የማይወጣት፣ ከሁሉ ትልቁን ደወል መረጠች። አንዴ መታችው። ድምፁ እስኪጠፋ ጠብቃ ደገመችው።

ገበያተኛው ግን ትልቁ ደወል ብቻውን በዝግታ ሲመታ የሚያውቀው ለሞት ነው። ሽማግሌዎች ባርኔጣ አወለቁ። ሥጋ ሻጩ ቪም ሱቁን ዘግቶ ማማው በር ላይ ማርሌንን ጠበቃት።

"ማነው የሞተው?"

"ማንም። ፍሎር እየተጫወተች ነበር።"

"ወይ ጉዴ! አማቴ ናት ብዬ በከንቱ ደስ አለኝ!"

ሁሉም እንደ ቪም አልሳቀም። ሰኞ አቶ ዲርክ ከማዘጋጃ ቤት መጣ።

"ማርሌንዬ፣ ይጫወቱ፣ ማን ከለከለ? ግን እታች፣ በመለማመጃው።"

"እዚያ ማን ይሰማቸዋል?"

"አንቺ ትሰሚያቸዋለሽ።"

"እኔማ ሰምቻቸዋለሁ። ያልሰማው ከተማው ነው።"

"ኖታ የሌለው ነገር ጫጫታ ነው እያሉ ነው እኮ።"

"አንተስ ስታወራ ከኖታ ነው የምታነበው?"

የዲርክ ፊት ቀላ። "ልጆቹ ዳግም ከወጡ የማማውን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ። ሥራሽም አበቃ።"

ማርሌን ያን ሌሊት አልተኛችም። ከማማው ሌላ ሙያ አልነበራትም። ጠዋት ግን በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ "ቅዳሜ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ትልቁ ደወል ይመታል። የሞተ ሰው የለም።"

ቅዳሜ አምስቱን ልጆች አስከትላ ወጣች። ፍሎር መታች። ማርሌን ከትንንሾቹ ደወሎች ሦስቱን እንደ ጠብታ አንጠባጠበችላት። ፍሎር ከት ብላ ሳቀችና በሁለት እጇ መታች። ማርሌንም በሁለት እጇ መለሰች። ሌሎቹ አራቱ በየእጀታው ገቡበት፤ ማን እየመራ ማን እየተከተለ እንደሆነ መለየት ቀረ።

ዲርክ እያለከለከ ደረሰ።

"ቁልፉን!"

"ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ ውሰደው" አለች ማርሌን፣ እጇን ሳታቆም። "እኛ ግን እስከ አምስት ሰዓት ነው የተናገርነው።"

ዲርክ ቁልፉን ወሰደ። አፉን ሲከፍት ፍሎር ትልቁን ደወል መታች፤ የተናገረውን ማንም አልሰማም። ከሰዓቱ አንዲት ደቂቃ አላጎደሉም።