ከተበጠሰው ጅማት በኋላ እንደገና መዝለል

መጀመሪያ የተሰማኝ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ነው። የግራ ተረከዜ ከኋላ በኩል ይገትረኝና ጥቂት ስራመድ ይለቀኛል። ሐይቅ ከተማ በምንጫወትበት የሲሚንቶ ሜዳ ተረከዙን የማያመው የባድሜንተን ተጫዋች ስለሌለ፣ እኔም አሰልጣኛችንም ከድካም ቆጠርነው።

አንድ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ከመዲና ጋር ስንለማመድ፣ በራሴ ላይ ያለፈችውን ኳስ ልመታ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ጧ አለ። ከኋላዬ ሰው የረገጠኝ መሰለኝ። ዞርኩ። ማንም የለም። ልቆም ሞከርኩ። እግሬ አልታዘዘኝም። ከተረከዜ በላይ በጣቴ ስዳስስ ጎድጎድ ያለ ቦታ አገኘሁ። ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው።

መዲና ደግፋኝ ቤት ስንደርስ አጎቴ ሰይድ ወጌሻ ሊያስጠራ ተነሳ። መዲና በሩ ላይ ቆመች።

«አያ ሰይድ፣ ወላሂ አይታሽም! መጀመሪያ ሐኪም ይየው።»

በሚኒባስ ደሴ ወሰደችኝ። ሐኪሙ በሆዴ አስተኝተው ባቴን ጨመቁት። ቀኙን ሲጨምቁ እግሬ ተንቀሳቀሰ። ግራው ዝም አለ።

«የአኪለስ ጅማትሽ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል» አሉኝ።

ተሰፋ። ጄሶ ታሰረ። በማግስቱ ሊያዩኝ ሲመጡ ወደ ሜዳ እመለስ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አብሽሪ፣ መሄድ ትሄጃለሽ።»

«መሄዱንማ አምናለሁ ዶክተር። እኔ የጠየቅኩዎት ስለ መዝለል ነው።»

«እሱን ፊዚዮቴራፒው ይወስነዋል። ከተቻኮልሽ ግን ተመልሶ ይበጠሳል።»

ጄሶው ሲፈታ ባቴን አላወቅሁትም። ቀጥኗል። ቆዳው ተሸብሽቧል። እናቴ አየችውና ፊቷን አዞረች። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እንዳሳየችኝ በመጀመሪያ ተቀምጬ በጨርቅ እግሬን ወደ ራሴ እስብ ነበር፣ ቀጥሎ ግድግዳ ይዤ በሁለት እግሬ ተረከዜን ማንሳትና ቀስ ብዬ ማውረድ፣ ክራንቹን ከጣልኩ በኋላም ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን መራመድ ጀመርኩ። ሳነክስ ያዩ የሰፈር ሴቶች ያዝኑልኛል። አንዷ ጎረቤታችን እንደውም አስቁማ መከረችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ተርፎልሻል፤ አልሃምዱሊላህ ብለሽ አትቀመጪም?»

«አልሃምዱሊላህ ብዬ እነሳለሁ እንጂ ምን ያስቀምጠኛል!» አልኳትና መንገዴን ቀጠልኩ።

በግራ እግሬ ብቻ ቆሜ ተረከዜን ያነሳሁ ቀን ግን እየሮጥኩ ለእናቴ ልነግራት ፈለግሁ፤ መሮጥ ገና ስላልተፈቀደልኝ ከግቢው ሆኜ ጮህኩላት።

ሐኪሙ ፈቅደውልኝ ሜዳ ስመለስ በቡድኑ ውስጥ የእኔን ቦታ የያዘችው መዲና ነበረች። አሰልጣኙ ራኬት ሳይሆን ፊሽካ ሰጠኝ፤ ታዳጊዎቹን እንዳሠለጥንለት ፈልጎ ነው። መለስኩለትና ከመዲና ጋር አንድ ጨዋታ ጠየቅሁ።

«አላዝንልሽም» አለች መዲና።

አላዘነችልኝምም። ኳሷን መረቡ ሥር እየጣለች አስሮጠችኝ፣ ወደ ኋላ እየላከች አዘለለችኝ። ተሸነፍኩ። ግን ዘልዬ ነው የተሸነፍኩት፤ ጅማቱም ያዘ። መዲና መረቡን ዞራ መጣችና፣ «ነጠላውን እኔ ልጫወት። በጥንድ ግን ካለ እሷ አልገባም» አለችው አሰልጣኙን። ዛሬም በጥንድ አብረን እንጫወታለን።

ሐኪሙን፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋንና መዲናን አላህ ይስጥልኝ። ጅማታችሁ ለተበጠሰ ደግሞ የምለው ይህ ነው፤ ጧ ካለ አታሹት፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጠዋት ጠዋት የሚገትር ተረከዝንም ጅማቱ ሳይበጠስ አሳዩት። ባታችሁን አጠንክሩ፣ ሳታሟሙቁ ራኬት አትያዙ። ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ የቱንም ያህል ቢያምራችሁ እንዳትዘሉ። ከፈቀደላችሁ በኋላ ግን ለማንም ከንፈር መምጠጥ ጆሮ አትስጡ። ዝለሉ።