ከግንባር የመጣ አፍንጫ

ዘርፈሽዋል ዴንቨር አየር ማረፊያ የመንገደኞች ዊልቸር ትገፋ ነበር። በፈረንጆቹ 2004 አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ሊፍት ሰጥቷት ከመኪናው ስትወርድ ባሏ ወልደየስ አያት። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከተማ ባለው አፓርታማቸው፣ ኩሽና ውስጥ፣ በሽንኩርት ቢላዋ አፍንጫዋን ቆረጠው።

«እስቲ አሁን ማን እንደሚያይሽ!» አላት።

እሱን ፖሊስ፣ እሷን አምቡላንስ ወሰዳቸው።

ቀዶ ሐኪሟ ከግንባሯ ቆዳ ወስዳ አፍንጫ እንደምትሠራላት ስትነግራት ዘርፈሽዋል ደነገጠች። በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ «መሞከሪያ ሊያደርጉኝ ነው?» አለቻት።

«ኧረ የጥንት ሙያ ነው» አለች ሐኪሟ። «ህንዶች ከእኛ በፊት ይሠሩት ነበር። የአፍንጫውን ልክ በሰም አውጥተው ግንባር ላይ ይለጥፉና፣ ቆዳውን በዚያው ቅርጽ ቆርጠው፣ ሥሩን ሳይቆርጡ አዙረው ይሰፉታል። እንግሊዞች ከእነሱ አይተው ነው ወደ አውሮፓ የወሰዱት።»

«ያን ሁሉ ሰው አፍንጫውን ምን ነክቶት ነው?»

ሐኪሟ መለሰችላት። «በጦርነት የተቆረጠ አለ፤ በቅጣት የተቆረጠም አለ። ባሎቻቸው የጠረጠሯቸው ሴቶችም ነበሩ።»

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከቅንድቧ እስከ አዲሱ አፍንጫዋ የቆዳ ድልድይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አዲሱ አፍንጫ የራሱን የደም ሥር እስኪያበጅ አይቆረጥም ተባለ። ለወልደየስ ሊያማልዱ ሽማግሌዎች የመጡት እንዲያ ሆና ሳለ ነው። ከእነሱ አንዱ ጋሽ ሀይለማርያም ፊቷን ላለማየት ምንጣፉን እያዩ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ሰይጣን አሳስቶት ነው። ዳኛው ፊት አንድ ደግ ቃል ተናገሪለት።»

«ጋሼ፣ ይህ ሕክምና ከየት እንደመጣ ያውቃሉ? ሚስቶቻቸውን ከሚቆርጡ ባሎች አገር ነው። እነሱም ሽማግሌ ሳይልኩ አይቀሩም።»

ጋሽ ሀይለማርያም ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

ወልደየስ ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። አዲሱ አፍንጫዋ ያዘላት። ግንባሯ አጭር ስለነበር ግን ከፀጉሯ ሥር የተወሰደው ቆዳ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ፀጉር ያበቅል ጀመር፤ ሥራ ከመግባቷ በፊት በወረንጦ ትነቅለዋለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ከሰፈሩ ርቃ ሊትልተን በሚባል ሌላ ከተማ ቤት ተከራይታ ሄደች።

እህቷ ሙሉነሽ ከአዲስ አበባ ስትደውል አልቅሳ አልቅሳ፣ በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ ምን አድርገሽው ነው?»

ዘርፈሽዋል ስልኩን ዘጋች።